ክሪስታሎቹን ያሞቁበት ሰሞን

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወንፊት ነበር የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሳተላይታቸው ወደ ላይ የተላከው ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ጋማ ጨረር እንዲለቅም ነበር፤ ከሚለቅመው ግን አብዛኛው ከሰማይ የመጣ አልነበረም። በጠፈር ውስጥ የሚወናጨፉት ኮስሚክ ጨረሮች የሳተላይቱን የራሱን አካል፣ አሉሚኒየሙን፣ ብሎኑን፣ ሽቦውን ሳይቀር ይደበድቡታል፤ የተመታው ብረትም በተራው ጋማ ጨረር ይረጫል። ሳተላይቱ ላይ ያለው የጨረር መመርመሪያ የከዋክብቱን ጨረር ከገዛ ገላው ከሚወጣው አይለይም። ያገኘውን ሁሉ አግበስብሶ ወደ ምድር ይልካል። ያንን ቁጭ ብላ የምታጠልለው እሷ ነበረች።

«ሰው የሚቀጠረው አንድ ነገር እንዲያገኝ ነው፤ እኔን የቀጠሩኝ እንድጥል ነው» ትላለች፣ አዲስ ሰው ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃት። ትቀልዳለች እንጂ ሥራዋን ትወደው ነበር። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፤ አላገባችም፤ ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው።

ማሞቂያ የሚሉት ሰው ደግሞ የመመርመሪያውን ክሪስታሎች የሠራው ባለሙያ ነው። ክሪስታሎቹ ጀርማኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ጡጫ የሚያካክሉ፣ ግራጫ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ። በኃይለኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጡ አይሠሩም። ያ የኮስሚክ ጨረር ውርጅብኝ ግን እነሱንም አይምርም፤ በውስጣቸው በሥርዓት የተደረደሩትን አቶሞች ከቦታቸው ያፈናቅላቸዋል። ያኔ ክሪስታሉ ይደነዝዛል፤ ግራፉ ላይ ቀጭን መሆን የነበረበት መስመር እርጥብ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ይሰፋል። መድኃኒቱ ማሞቅ ነው። ማቀዝቀዣው ይጠፋና ክሪስታሎቹ ውኃ በሚያፈላ ሙቀት ለጥቂት ቀን ይቆያሉ፤ አቶሞቹም ቀስ በቀስ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ሰውየው በየጊዜው ይህንን ስለሚያደርግ ማሞቂያ ተባለ። ሚስቱ ታማ ከሞተችበት ቆይቷል። ድሮም ዝምተኛ ነው፤ የማሞቅ ሰሞን ሲሆንማ ጭራሽ አይቀመስም፤ ልጁ ሐኪም ቤት እንደተኛበት አባት ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደጃፍ አይጠፋም።

ሁለቱ በአንድ ኮሪደር ለዓመታት ሲመላለሱ «እንዴት አደርሽ»፣ «ደህና፣ እንዴት አደርክ» ከማለት ያለፈ ወግ አልነበራቸውም።

ነገሩ የጀመረው ወንፊት መጣል ያቃታት ነገር ሲገጥማት ነው።

ሳተላይቱ ወጣት ከዋክብት ወደተሰበሰቡበት አንድ የሰማይ ጥግ ፊቱን አዙሮ ከርሞ ነበር። ግዙፍ ከዋክብት ሲሞቱ ራዲዮአክቲቭ አሉሚኒየም እንደ አመድ ይበትናሉ፤ አመዱም የራሱ መለያ የሆነ ጋማ ጨረር አለው። በዚያ ጥግ ግን እስካሁን ማንም አላየውም። ወንፊት እንደ ልማዷ ከሳተላይቱ ገላ የሚወጣውን ጨረር ሁሉ አንድ በአንድ ቀነሰች። መጨረሻ ላይ ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀረች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ቀነሰች። ጉብታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እስቲ ውጪልኝ» አለቻት፣ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ሆና።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ከሳተላይቱ ገላ ከሚወጡት ጨረሮች አንዱ ከከዋክብቱ አመድ ጨረር ጋር አጥር የሚጋራ ጎረቤት ነው። ክሪስታሎቹ ስል ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱን ለያይተው ያሳዩ ነበር። አሁን ግን ደንዝዘዋል፤ ሁለቱን አቀላቅለው አንድ ጉብታ ነው የሚያሳዩት። ከሁለቱ የማቀዝቀዣ ሞተሮች አንዱ ከተቃጠለ ወዲህ ክሪስታሎቹን ማሞቅ ቀርቶ ነበር።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ግራፉን አወጣችው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከሁለቱም የምታንስ ፈጣን ሴት፣ መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገችው።

«ከዋክብቱ ናቸው?»

«ሊሆኑ ይችላሉ። የኛው ገላም ሊሆን ይችላል። ክሪስታሎቹ ካልሞቁ መለየት አይቻልም።»

ሰው ሁሉ ወደ ማሞቂያ ዞረ። እሱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልል ነበር።

«አይሆንም» አለ።

«ጋሼ፣ እስቲ ምክንያቱን ያስረዱን» አለች ኃላፊዋ።

«የቀረን ሞተር አንድ ነው እቱ። አርጅቷል። እስካሁን የሚዞረው ቆሞ ስለማያውቅ ነው። አጥፍተነው አልነሳም ቢልስ? ማን ወጥቶ ይገፋዋል? ክሪስታሎቹ እንደሞቁ ይቀራሉ፤ አለቀ።»

«እንደዚህ ደንዝዘው ከሚኖሩስ?» አለች ወንፊት።

«ደንዝዘውም ቢሆን ይኖራሉ።»

«ታዲያ ያ መኖር ይባላል?»

የማሞቂያ ፊት ልውጥ አለ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፣ ወንበሩን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰና ወጣ። ሰው ተያየ። ወንፊት ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

ሰዉ ሲበተን ኃላፊዋ ክንዷን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። «አንቺ አታውቂ ይሆናል። ባለቤቱ የመጨረሻውን ዓመት በመድኃኒት ደንዝዛ ነው አልጋ ላይ ያሳለፈችው። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጦ ውሎውን ሲያወራላት ነበር የሚያመሸው። ትስማው አትስማው አያውቅም።»

ወንፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዋን እንኳን ቢሮ ሳታስቀምጥ ወደ ላቦራቶሪው ወረደች። ምድር ቤት ያለ ሰፊ ክፍል ነው፤ የፈሳሽ ናይትሮጅኑ ጋን ከጥግ ሆኖ ሲስ ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ቁልፎችና ጓንቶች በመልክ በመልካቸው ተደርድረዋል። ማሞቂያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ትናንት ያልኩት ነገር...» ብላ ጀመረች።

«ተይው።»

«አልተወውም። አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ኖሮ ምላሴን እቆርጠው ነበር።»

ዞር ብሎ አያት። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያላዩ ይመስላሉ። «ምላስሽንስ አትቁረጪው። ስብሰባው ላይ የሚናገር ሰው እንደሆነ የለንም» አለ። ቀጥሎም፣ «ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ነው ያደርኩት። ያልሽው ክፉ ነገር አይደለም። ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ከጀርባው የብረት ሳጥን ነበር። ውስጡ ሰማይ ላይ ካሉት ጋር አብሮ የተሠራ፣ ለመጠባበቂያ ምድር ላይ የቀረ ክሪስታል አለ። ያሰበው እንዲህ ነው፦ ሞተሩን ጨርሶ ከማጥፋት ፋንታ እያዘገመ እንዲዞር መተው፤ ክሪስታሎቹንም ውኃ ከሚያፈላው ሙቀት በታች ለብ አድርጎ ማቆየት። ጥቂት ቀን የሚፈጀው ሳምንታት ይፈጃል። ይሠራ አይሠራ ግን የሞከረው የለም።

«እዚህ እንሞክረዋ!» አለች ወንፊት።

«ለመሞከር መጀመሪያ ይህንን ማደንዘዝ አለብን። ኮስሚክ ጨረሩ እንደሚያደርገው በፕሮቶን ማስደብደብ።» ሳጥኑን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው። «ንክች ሳላደርገው ነው የኖርኩት።»

የፕሮቶን ማፍጠኛው ያለው ሌላ ከተማ ነው። በማሞቂያ አሮጌ መኪና አብረው ሄዱ። ሳጥኑን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። አነዳዱ ደግሞ አይጣል ነው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን እያንባረቀ ያልፋቸዋል።

«ሰው እኮ እየሰደበን ነው» አለች ወንፊት።

«ኋላ የጫንኩትን ቢያውቁ አይሰድቡንም።»

«ቢያውቁማ ይብሱን ይስቁብናል። ለደብዳቢ ልንሰጠው የምንወስደውን ዕቃ ምንም እንዳይነካው ቀበቶ ያሰርንለት!»

ማሞቂያ ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር። መሪውን ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ወሬ ሆነ። ስለ ሚስቱ ነገራት፤ ምን ምን ያስቃት እንደነበር፣ ሲያንኮራፋ ትራስ ትወረውርበት እንደነበር። ወንፊትም ስለ እናቷ፣ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ደረጃ እንዴት እንደሚያስቸግራቸው አወራችለት።

ተመልሰው ክሪስታሉን መለስ ባለ ሙቀት ማሞቅ ጀመሩ። ወንፊት በየቀኑ ምሳዋን ይዛ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ እሱም የራሱን ያወጣል፤ ጓንቶቹን ገፋ አድርገው እዚያው ይበላሉ። እየቆየ ምሳው ከሁለት ዕቃ ወደ አንድ ትልቅ ዕቃ ተጠቃለለ። የእናቷ ዓይን ይህ አላመለጠውም።

«ሆድሽ ሰፋ ወይስ የምታበዪው ሰው አገኘሽ?» አሏት አንድ ቀን ጠዋት።

«የሥራ ባልደረባ ነው እማዬ።»

«እኔ ምን አልኩ? ባልደረባም ይርበዋል» ብለው አንድ ጭልፋ ጨመሩበት።

ክሪስታሉ መዳኑን ያዩት ወንፊት ቆማ፣ እሱ ተቀምጦ ነው። የፈሰሰው መስመር በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጠበበ ቆይቶ አንድ ቀን ከጥንቱ ጋር እኩል ሆነ። ማሞቂያ ተነሥቶ እጁን ታጠበ፣ ፎጣ ፈለገ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር።

ኃላፊዋ ፈቀደች። ሰማይ ላይ ያሉትን ክሪስታሎች ለብ ማድረግ ተጀመረ። ሞተሩ እያዘገመ ይዞራል፤ ሙቀቱ ስክሪን ላይ ይነበባል፤ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። በፊት በእንዲህ ያለ ሰሞን ሰው ሲጠጋው ይቆጣ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ወንበር አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ተይዟል» ይላል።

መልሶ የማቀዝቀዣው ቀን ደረሰ። ከቀትር በፊት ነበር፤ ፀሐይ በመጋረጃው ሽንቁር ገብታ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተጋድማለች። ሞተሩ ፍጥነት እንዲጨምር ትእዛዝ ተላከ። ከላይ የመጣው መልስ ጥሩ አልነበረም። ሞተሩ ፈጠን ይልና መልሶ ይደክማል፤ ፈጠን ይልና ይደክማል።

«እንደገና እንላክ?» አለች ኃላፊዋ።

«ቆይ» አለ ማሞቂያ። «አታጣድፉት። ትንፋሽ ይሰብስብ።»

ቆዩ። እንደገና ተላከ። ወንፊት ሳታስበው እጁን ያዘችው። ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ተንገዳገደና ድንገት ለቀቀለት። የሙቀቱ ቁጥር አንድ ወረደ። ቀጥሎ ሌላ ወረደ። ክፍሉ በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊዋ የማሞቂያን ጭንቅላት ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ወንፊት እጁን እንደያዘች ያስተዋለችው ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ ለቀቀችው፣ ከዚያ ደግሞ መልሳ ያዘችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ክሪስታሎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። መልስ ሰጡ። አንዱ ብቻ ዝም አለ። ደጋግመው ሞከሩት፤ ጨርሶ ዝም አለ። ማሞቂያ የሱን መስመር ከስክሪኑ ላይ በገዛ እጁ ዘጋው።

ሳተላይቱ እንደገና ወደዚያ የሰማይ ጥግ ዞረና ለወራት ሲለቅም ከረመ። ወንፊት በየሳምንቱ የመጣውን ታጠልላለች። ጉብታዋ እየቀጠነች፣ እየቀጠነች ሄደች። በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆመች፤ የቆመችውም ልክ የሳተላይቱ ገላ ጨረር በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። የከዋክብቱ አመድ መታየት የነበረበት ጎረቤቱ ቦታ ባዶ ነበር።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ነገረቻቸው። «የኛው ገላ ነው። ከከዋክብቱ የመጣ ምንም የለም። ቀንሱት።» ተቀምጣ ስለሌሎቹ አጀንዳዎች አዳመጠች፣ ሁለት ጥያቄም ጠየቀች። ከዚያ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች።

ቅዳሜ ዕለት በራቸው ተንኳኳ። እናትየው በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሄደው ከፈቱ። ብርቱካን የሞላ ከረጢት ያቀፈ፣ ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ሰው ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ እማማ። ወንፊት አለች?»

«ወንፊትማ ወጥ ቤት ተሰቅላለች፣ ልትዋስ ነው?» አሉ እናትየው። ግራ ሲጋባ ሲያዩ ጊዜ ሳቃቸው መጣ። «ልጄን ከሆነ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው። ግባ። የምሳ ዕቃው ባለቤት አንተ መሆንህ ነው?»

ወንፊት የታጠበ አንሶላ ብቻዋን እየጠመዘዘች ነበር። አንደኛውን ጫፍ ያዘላትና አብረው ጠመዘዙት።

«ባናሞቅ ኖሮ እስካሁን ግኝት ነበረሽ» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ማን ይከራከርሻል? ማረጋገጫ የለ።»

«ጠርጥሬ ነበር እኮ።»

«ምን?»

«የኛው ገላ እንደሆነ። ገና ያንን ሰኞ ሳሳያችሁ፣ በልቤ ከግማሽ በላይ እሱ ነው ብዬ ነበር።»

አንሶላውን እንደያዘ ቆመ። «እና ለምን አሞቁልኝ አልሽ?»

«ከግማሽ በታች የሆነችው አላስተኛ አለችኛ!» አለች። ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጥል ኖሬ አንዲት ነገር ብትቀርልኝ ምን ነበረበት? ደስ ብሎኝ ነበር። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ማሞቂያ የልብስ መቆንጠጫውን እያቀበለ አንሶላውን አብሯት አሰጣ፣ ከዚያ ትራስ ልብሱን፣ ከዚያ የእናቷን ነጠላና ቀሚሶች። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ያቺ ዝም ያለችው ክሪስታል» አለ፣ «እኔ በእጄ ያለሰለስኳት ናት። የመጀመሪያዋ። አዲስ ሙሽሮች ነበርን፤ ቶሎ አትገባም እያለች ባለቤቴ ታኮርፈኝ ነበር። አንድ ቀን ይዣት መጣሁና ‹ጣውንትሽ ይህቺውልሽ› ብዬ አሳየኋት።» ባዶውን ቅርጫት ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ስዘጋት እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ለሰው ቢያወሩት ያስቃል።»

«እኔን አላሳቀኝም» አለች ወንፊት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በእጁ ላይ አኖረችው። እንዲህ እንደተቀመጡ ልብሱ ሲንጠባጠብ አዩ፤ እናትየው ምሳ ቀርቧል ብለው እስኪጣሩ ድረስ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ሁልጊዜ ብርቱካን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ሦስቱም ገበታ ላይ ሳሉ እናትየው ብርቱካን እየላጡ፣ «በየሳምንቱ እየመጣ ብርቱካን የሚያበላኝ ሰው ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?» አሉ።

የወንፊት ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። «እማዬ!»

ማሞቂያ ግን የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ፣ «ምን ብለው ቢጠሩኝ ይወዳሉ እማማ?» አላቸው።

«አማች ብልህ አይከፋኝም።»

ወደ ወንፊት ዞረ። ጆሮው ቀልቷል። «አንቺስ?» አለ።

«እኔማ» አለች ወንፊት ማንኪያዋን ለማንሣት ጎንበስ ብላ፣ ጎንበስ እንዳለችም ቆይታ፣ «እኔማ ይሄን ያህል ብርቱካን ስበላ ምን ይመስለሃል?»

የተፈራረሙት በዚያው ዓመት ነው። ምስክሮቻቸው ኃላፊዋና የላቦራቶሪው ሠራተኞች ነበሩ። ክሪስታሎቹን ለብ እያደረጉ ማዳን ከዚያ ወዲህ የተለመደ አሠራር ሆነ፤ አሮጌው ሞተርም እያነከሰ ለዓመታት ዞረ። በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ሰዎች በሌሎች የሰማይ ጥጎች የከዋክብትን አመድ አገኙ፤ ያገኙትም ወንፊት ባጠለለችላቸው ግራፍ ላይ ነው።

የማሞቂያ ቤት ደረጃ ስለሌለው እናትና ልጅ ወደዚያ ተዛወሩ። በተዛወሩበት ቀን የእናትየው አልጋ በበሩ አልገባም አለ። ማሞቂያ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እናትየው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን እየቀሰሩ፣ «ወደ ግራ! ቀስ፣ ወገቧን! የሷን ወገብ ማለቴ ነው፣ የአልጋውንማ ተወው!» እያሉ ያዝዙ ነበር። አልጋው ገባ። መስኮቱ ስር ይሁን አሉ፤ መስኮቱ ስር ሆነ።